ቀስተ ደመና የወጣበት ጸበል

ጥር 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጠመኔ አልቆ ከጎረቤት ክፍል ለመንኩ። ሁለተኛ ክፍሎች ዛሬም መቀነስ አልገባቸውም። ነገ እንደገና።

ልጄ ምናለ ከትምህርት ቤት አኩርፎ መጣ። "ምን ሆንክ?" አልኩት። ውሃ ሰጠሁት፤ እንደ ልማዱ ግማሹ በአፍንጫው ተመለሰ። "እንዲህ ስጠጣ አዩኝ" አለ። የኔ ልጅ… ከንፈሩን በሕፃንነቱ ሰፍተውለታል፤ ላንቃው ግን እስካሁን ክፍት ነው። ሲናገር ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል። ከእኔ በቀር በደንብ የሚረዳው የለም።

ወደ ማምሻው የጋሽ ውበቱ መኪና በደጄ አለፈች። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። "ልጄ ደኅና ነው?" አሉኝ መስኮቱን ዝቅ አድርገው። ልጄ ነው የሚሉት። ክርስትና ያነሡት እሳቸው አይደሉ! የመብራት እንጨት የሚዘጋጅበት የምሰሶው ግቢ ባለቤት፣ ስንቱ ባለሥልጣን ደጅ የሚጠናቸው ሰው፣ የእኔ አበልጅ… ቀኑን ሙሉ የከፋኝ ነገር ቀለል አለኝ።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱ ገባ። መሪጌታ አካለ ወልድ ዘንድሮም የኪዳነ ምሕረትን ጸበል ምልክት ሰበኩ። በፀሐይ ጊዜ ምንጩ ላይ የሚታየውን ቀስተ ደመና። "ለኖኅ የተሰጠው ኪዳን በእኛ ውሃ ላይ ወጣ" አሉ፤ ሕዝቡ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ።

መጀመሪያ የታየው ምናለን አርግዤ ሳለሁ ነው። ከሮብ ገበያ፣ ከቁይ ድረስ ነፍሰ ጡር ይጎርፍ ነበር። እኛ የመንደሩ ሴቶችማ ሌላ ውሃ መጠጣት ተውን። ይመራል፣ ሬንጅ ሬንጅ ይላል። "ምሬቱ ኃይሉ ነው" ይሉን ነበር መሪጌታ። ዓይናችንን ጨፍነን እንጠጣለን።

ጥር 16

ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ደርሰን መጣን። የላንቃው ቀጠሮ ለሰኔ ተላለፈ። ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ አይደለም።

ነርሷ፣ ሲስተር አይናዲስ፣ ካርዱን አየችና አገሬን ጠየቀችኝ።

"ስታረግዢ እዚያው ነበርሽ?"
"አዎ።"
"የምትጠጪው ውሃ ከየት ነበር?"
"ከኪዳነ ምሕረት። ጸበሉን።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ሰፈር ሌሎችም ልጆች እንደመጡ ነገረችኝ። አንዱ ልቡ፣ አንዷ እግሯ…

"ከጸበሉ በላይ ምን አለ?"
"ቤተ ክርስቲያኑ።"
"ከእሱስ በላይ?"

ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የምሰሶው ግቢ ነው። ባሕር ዛፉ ተልጦ፣ ከዚያ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣ ጥቁር መድኃኒት እያንጠባጠበ ወጥቶ የሚደረደርበት። ምስጥ እንዳይበላው። ሁላችንም "መድኃኒት" ነው የምንለው፤ ይህንኑ ነገርኳት።

"ውሃው ሳይመረመር አልፈርድም" አለች ሲስተር። "ግን እንዲህ ያለ ኬሚካል ውሃ ውስጥ ከገባ ቀድሞ የሚጎዳው በማኅፀን ያለው ነው። እናትየዋ ራስ ምታት እንኳ ላይኖራት ይችላል።"

ሉማሜ ላይ መኪናው ለሻይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። እኔ ምናለን ታቅፌ ቀረሁ። አማቴ ያኔ ያለችው ነው በጆሮዬ የሚጮኸው። "በቀትር ወንዝ ወርዳ ጋኔን ለክፏት ነው እንጂ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም።" ባሌ ገዳሙም አመናት። ጥሎኝ ቁይ ሄዶ ሌላ አገባ። እኔም ራሴ አምኛታለሁ እኮ! ስንት ዓመት ንስሐ ገባሁ… ለየትኛው ኃጢአቴ?

ጥር 21

የመንደራችን ሴት የብርጓል ዘንድ ሄድኩ። ልጇ ወለተ ሰንበት ደጅ አጎዛ ላይ ተቀምጣለች። ከምናለ በአንድ ዓመት ታንሳለች፤ ቆማ አታውቅም።

"ጸበሉን ጠጥተሽ ነበር?"
"ምን ጥያቄ ነው? እስክወልድ ድረስ ነዋ።"
"ክርስትና ማን ነው ያነሣልሽ?"
"እትዬ ሥራነሽ ናት፣ የጋሽ ውበቱ ሚስት። እሳቸው ራሳቸው መጥተው 'ሚስቴ ታንሣልሽ' ብለው ለመኑኝ። በሰማይ የማላገኘውን!"

ከዚያ ወጥቼ ሌሎቹ ቤት ዞርኩ። ልቡ የታመመው ልጅ ቤት… ጋሽ ውበቱ። ጆሮ የሌላት ልጅ ቤት… እትዬ ሥራነሽ። ደኅና የተወለዱት ልጆች ቤትስ? አንድም የለም። አጎት፣ ጎረቤት፣ ዘመድ ነው ያነሣቸው። ደኅና ልጅ ቤት አንድም ጊዜ አልሄዱም።

ወንዶቹን እሳቸው፣ ሴቶቹን ሚስታቸው። የተጎዳውን ብቻ እየመረጡ።

ያውቁ ነበር።

ጥር 22

አበልጅ አበልጁን ፍርድ ቤት አይገትርም። አበልጅ በአበልጁ ላይ አይመሰክርም፣ ክፉ አይናገርም። በዚህ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ከሥጋ ዘመድ ይጠብቃል።

ልጄን በጥምቀት ውሃ አጠገብ ሲያቅፉት፣ እኔ ደስ ብሎኝ ሳለቅስ… እጄን እያሰሩ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ "እሳቸው" አልለውም። እሱ ነው። ውበቱ።

ጥር 28

ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ አስገባኝ፣ ወንበር ሳበልኝ።

"ጋሼ፣ ገንዳው ያፈስ ይሆን? ጸበሉ…" አልኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ንዴቴን አላወቀም።

"ማን ነው እንዲህ የሚያስወራሽ?"
"ሐኪም ቤት ጠየቁኝ።"
"ውሃው ጤነኛ ነው። እኔም እጠጣዋለሁ። የኔአለም፣ እኔና አንቺ እኮ አበልጅ ነን። ከአንቺ እንዲህ ያለ ነገር ልስማ?"

ሲሸኘኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከኋላው ጠረጴዛ ላይ ከማርቆስ የመጣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል።

ይጠጣዋል! ጸበሉ ዘንድ ሲመጣ ፊቱን ብቻ ረጠብ አድርጎ እንደሚሄድ ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ።

የካቲት 2

ክብሪት ይዤ በምሰሶው ግቢ አጥር ሥር አለፍኩ። ሬንጅ የጠጣ እንጨት ተራራ አክሎ ተከምሯል። አንዲት የክብሪት እንጨት ትበቃዋለች… ደብረ ማርቆስ ድረስ ይታይ ነበር።

አላደረግኩትም። ፈርቼ አይደለም። ቢቃጠልበት አገሩ ሁሉ "አይዞህ" ሊለው ነው፤ እኔ እታሰራለሁ፣ እሱ ይታዘንለታል። አይሆንም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በራሱ አፍ፣ በሰው ፊት እንዲናገር። ጋኔን እንዳልለከፈኝ፣ ኃጢአቴ እንዳልሆነ፣ እሱ እንደሆነ።

ግን በምን አፉን እከፍታለሁ?

የካቲት 5

እግዚአብሔር ይመስገን ልበል ወይስ ሰይጣን?

ሶልያና መጥታለች። የውበቱ ልጅ። አንድ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ነው ያገባችው። ሰባተኛ ወሯ ነው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና እትዬ ሥራነሽ ማርቆስ ካለው ቤት ይዛ፣ እዚህ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቤት አመጣቻት። እትዬ ሥራነሽ የዚህ መንደር ልጅ ናት፤ ልጇ ሳትወልድ በኪዳነ ምሕረት እንድትባረክ ትፈልጋለች። ውበቱ "ማርቆስ ይሻላል፣ ሐኪም አለ" ብሎ ተከራክሮ ነበር አሉ። አልሰማችውም።

ልጠይቃት ሄድኩ። እትዬ ሥራነሽ እጄን ይዛ፣ "የኔአለሜ፣ አንቺ አበልጄ አይደለሽ፣ ለልጄ በየጠዋቱ ጸበል አምጪልኝ። በባዶ ሆዷ ትጠጣ። የአበልጅ እጅ ይባረካል።"

ውበቱ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ሐኪም ያላዘዘውን…" አለ።
"ጸበል በሐኪም ይታዘዛል እንዴ?" አለችው ሚስቱ።

እኔ ወደ እሱ ዞሬ "ምን ችግር አለው ጋሼ? እርስዎም ይጠጡት የለ?" አልኩ።

ዞሮ ወጣ። ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ እንጀራ ጣመኝ።

የካቲት 6

ጎሕ ሲቀድ ጀሪካኑን ይዤ ወረድኩ። ፀሐይ ስትወጣ ቀስተ ደመናው ተዘረጋ። ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ… እንዴት ያምራል። ሞላሁት።

መንገድ ላይ "እንኳን" እያልኩ ነው የሄድኩት። እንኳን! የልጅ ልጁ ውሃ በአፍንጫው ይውጣ። እሷም በየቀጠሮው ትንከራተት። ያኔ ይገባዋል።

ትላንት ግን ሶልያና እጄን ስባ ሆዷ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። "ይራገጣል፣ አየሽው?" ምናለም እንዲህ ይራገጥ ነበር። ጸበሉን ስጠጣ ይራገጥ ነበር፤ እኔ ደስ ብሎት ነው እል ነበር…

ቁጥቋጦው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ጀሪካኑን ደፋሁት፤ አፈሩ ላይ እንኳ ያብለጨልጫል። ከዚያ ዳገቱን ወጥቼ፣ ከግቢው በላይ ካለችው ምንጭ፣ ከብት ከሚጠጣባት፣ ጀሪካኑን ደጋግሜ አጥቤ ንጹሕ ውሃ ሞላሁ። ተናደድኩ በራሴ። ለእሱ ልጅ ማን አራራኝ? ለእኔ ልጅ ማን ራራ?

ደጃፋቸው ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። እሱ እኮ አያውቅም! ከየት እንደቀዳሁ አያውቅም። ለእሱ ይህ ያው ጸበል ነው።

እየሳቅሁ ገባሁ።

የካቲት 9

በየጠዋቱ አደርሳለሁ። እሱ በየጠዋቱ ቀድሞ ተነሥቶ ደጅ ይጠብቀኛል። "ስጪኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ" ይላል። ዛሬ ከጓሮ አጥሩ ሥር መሬቱ ርሶ አየሁ። ይደፋዋል! ለልጁ ምን ሰጥቷት እንደሚያስጠጣት እንጃ፤ ያን የማርቆሱን የታሸገ ውሃ ይሆናል።

ለእኛስ የደፋልን ማን ነበር? ከአጥሩ ሥር ያን እርጥብ መሬት ሳይ ደሜ ፈላ። ለልጁ ሲሆን መድፋት ያውቃል!

የካቲት 12

ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። መኪና የለም፣ ሹፌር የለም። ከስቷል።

"የኔአለም፣ ጸበሉን ተይ።"
"ምነው ጋሼ?"
"ሐኪም… እንዲያው ተይ በቃ።"
"ለእትዬ ሥራነሽ ይንገሯታ። እሷ ናት ያዘዘችኝ።"
"እሷማ ለምን ትለኛለች።"
"እኔም ለምን ብዬ ብጠይቅዎ?"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። "ልጄ ናት" ብቻ አለ። "አንድ ናት።"

"የእኔም አንድ ነው" አልኩት፤ ትቼው ሄድኩ። ዞር ስል እዚያው ቆሟል። ውስጤ ሲሞቅ ይሰማኛል። እንዲህ መሆኔ ያስፈራኛል? አያስፈራኝም። ይሙቀኝ።

የካቲት 15

ነገ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። እትዬ ሥራነሽ፣ ልጇ በየጠዋቱ የምትጠጣው ጸበል አይደለም ብላ ጠርጥራለች። "ይመር የለ? ሶልያና ግን ምንም አይልም ትላለች" አለችኝ። "እንግዲያው ነገ ከቅዳሴ በኋላ በመሪጌታ እጅ፣ በሰው ፊት ትጠጣለች።"

"ማሰሮውን እኔ ልሙላው" አልኳት።

የካቲት 16

ዛሬ የሆነውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ረቡዕ ስለሆነ ቅዳሴው ዘግይቶ ወጣ። ሕዝቡ ጸበሉ ዙሪያ ሞልቷል። የብርጓልም ወለተ ሰንበትን አዝላ መጥታለች። እኔ ማሰሮውን ይዤ ቆሜያለሁ። ውሃው የላይኛው ምንጭ ነው፤ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው የሞላሁት፤ መሪጌታም አላወቁም።

መሪጌታ ጸሎት አድርሰው በዋንጫ ቀዱ። ሶልያና ነጠላዋን አጣፍታ ተንበረከከች። ውበቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሟል፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ዓይኑን ከዋንጫው አልነቀለም። እኔ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም።

ዋንጫው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ "አትጠጪ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ገፍቶ ሮጦ መጣና ከእጃቸው መታው። ዋንጫው ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ።



"ምን ማለትህ ነው?" አለች እትዬ ሥራነሽ። "የእመቤታችንን ጸበል?"
"መርዝ ነው! ገንዳው ተሰንጥቋል… ገንዳውን የሠራው ሰው ገና በመጀመሪያው ክረምት ነግሮኝ ነበር። ወደ ታች ይወርዳል ብሎኝ ነበር። ዝናብ ያጥበዋል ብዬ…"

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን።

ወደ ፊት ወጣሁ። ምናለን በእጄ ይዤዋለሁ። ለዚህ ቀን "እርስዎ" ቀረ።

"ልጄን ክርስትና ያነሣኸው ለምንድን ነው?"

ምናለን አየው።

"ፈርቼ" አለ። "እንዳትከሱኝ።"

ሁሉም ሰማ። አማቴም ከሴቶቹ መሐል ነበረች፤ ሰማች።

ማሰሮውን አንሥቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለሶልያና "ይህ ከግቢው በላይ ካለው ምንጭ ነው፣ ንጹሕ ነው። ለአንቺ ሌላ ውሃ አምጥቼልሽ አላውቅም" አልኳት። እኔም ጠጣሁ። ልጅቷ እጄን ይዛ አለቀሰች። ውበቱ ቀና ብሎ አየኝ… ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። የምፈልገው እሱን ነበር።

የካቲት 18

መሪጌታ አካለ ወልድ ጸበሉን በእሾህ አጠሩት። ራሳቸው ናቸው የቆረጡት፣ እጃቸው ደምቷል። "ምልክት ነው እያልኩ ያስጠጣኋችሁ እኔ ነኝ" ይላሉ፤ እህል አልቀመሱም አሉ። ምን ልበላቸው? እሳቸውስ የቀኑት ለኪዳኗ ነበር። አንድ ነገር ግን አላልኳቸውም። "አይዞዎት" አላልኩም።

አማቴ በደጄ አለፈች። አንገቷን ደፍታ። ደስ አለኝ።

የካቲት 22

ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መጡ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ሄዱ። ውጤቱ መቼ ይደርሳል ብላቸው "ይነገራል" አሉ። ገንዳው ታሽጓል። እትዬ ሥራነሽ ልጇን ይዛ ማርቆስ ገብታለች፤ ባሏን ግን ከቤት አላስገባችውም ይባላል። ከመሄዷ በፊት ደጄ መጥታ ነበር። ገብታ አልተቀመጠችም። "ያነሣኋቸው ልጆች ሁሉ ልጆቼ ናቸው። እኔ አላወቅሁም፣ የኔአለም" አለች። አመንኳት። እሷን አመንኳት።

የካቲት 25

ውበቱ ሽማግሌ ላከ። ጾም ገብቷል፣ በጾም ቂም አይያዝም፣ ታረቂው አሉኝ። "አበልጅሽ ነው" አሉ ደግሞ።

"ሌሎቹንም እናቶች ጠይቃችኋል?"
"አንቺ እሺ ካልሽ እነሱ ይከተላሉ።"
"እሁድ ይምጣ" አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም። ከሄዱ በኋላ ወደየእናቶቹ ቤት መልእክት ላክሁ። እሁድ እኔ ቤት፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ።

የካቲት 27

መጣ። እንደ ባህሉ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አደግድጎ። ከኋላው ሽማግሌዎቹና መሪጌታ አካለ ወልድ። ደጄ ላይ ደርሶ ቆመ። "ስለ እመቤታችን" አለ፣ ጎንበስ እንዳለ።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ተበዳይ ብቅ ብላ "አውርድ" ትላለች፤ ድንጋዩ ይወርዳል፤ ነገሩ ያበቃል። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ድንጋዩ ትልቅ ነው፣ ሰንበሩ ከአንገቱ ይታየኛል። ምናለ ከጉያዬ ሆኖ አየው። "እማ፣ ክርስትና አባቴ ምን ሆነ?" አለኝ፣ በዚያ በአፍንጫው በሚወጣ ድምፁ። ማንም አልገባውም፣ እሱ ግን የገባው ይመስለኛል። አንገቱን ይበልጥ ደፋ።

አውርድ አላልኩትም።

"እናቶቹ ገና ናቸው" አልኳቸው ሽማግሌዎቹን። "ሁሉም እናቶች ሳይመጡ እኔ ብቻዬን የማወርደው ድንጋይ አይደለም። ልባቸው፣ እግራቸው፣ ጆሯቸው የተጎዳ ልጆች አሉ። የእያንዳንዳቸው እናት 'አውርድ' ትበል፤ የማትል ካለችም አትበል። ከዚያ ገንዳው ይነቀላል፣ የላይኛው ምንጭ በቧንቧ ለመንደሩ ይወርዳል፣ እሱም ማርቆስ ፍርድ ቤት ቀርቦ በኪዳነ ምሕረት ዕለት የተናገረውን ይደግመዋል። እኔም እመሰክራለሁ፣ አበልጅ ሆኜ።"

አንደኛው ሽማግሌ "ጨከንሽ እኮ ልጄ" አለኝ። "አዎ አባቴ፣ ጨከንኩ" አልኩ። ገብቼ ይህን ደብተር አወጣሁ።

አሁን በበሩ ክፍተት ይታየኛል። ድንጋዩ ወደ ፊት ጎትቶታል። መሪጌታ ሊደግፉት እጃቸውን ዘርግተው፣ መልሰው ሰበሰቡ። በታችኛው መንገድ የብርጓል ወለተ ሰንበትን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አያታለሁ። ቀስ ብላ ነው የምትመጣው፣ ልጅቷ ከብዳለች። ከኋላዋም ሌሎቹ አሉ።

ይቁም። እሷም ልጇን እንደተሸከመች ናት።